የመሳቢያው ደብተር

ከኢናሪ ሐይቅ ማዶ፣ አስፋልት ባለቀበት፣
አንዲት ፓምፕ አለችኝ ናፍጣ የምቀዳበት፤
አንድ ሶኬት አለኝ ከውጭው ግድግዳ ላይ፣
ኅዳር ማብቂያ ሄዳ፣ እስከ ጥር ላትታይ
ፀሐይ ስትሰናበት፣
እሷን ተክቶ የሚያድር፣ ሞተር የሚሞቅበት።

ኦውላና ፒዬራ ወንድማማቾች ናቸው።
አባት ሲሞት አንዲት ፒክአፕ ተወላቸው፤
ኑዛዜ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ቁልፍ ብቻ፣ በገመድ።
በቀብሩ ማግስት ተጣሉ። በምን? እኔ አልፈርድ።
በአጋዘን ነው ይላል አንዱ፤ በሚስት ነው ይላል ሌላው፤
እኔ የማውቀው ሳምንቱን ለሁለት መክፈላቸውን ነው።
ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ መሪው በኦውላ እጅ፣
ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ለታናሹ ልጅ።
እሁድ ለእግዜር አይሉም፤ እሁድ የሶኬቱ ናት፣
ከእኔ ግድግዳ ሥር፣ ብርድ ልብስ ደርበውላት።

ዐሥራ አንድ በረዶ ወረደ፣ ቀለጠ። ቃል አልተለዋወጡ።
የሚሉትን ሁሉ በመሳቢያው ደብተር፣ በእርሳስ ያስቀምጡ፤
(ብዕር እዚህ አይሠራም፣ ቀለሙ ይረጋል፤
ናፍጣም እንደዚያው ነው፣ ሲብስበት ሰም ይሆናል።)

ደብተሩን አነባለሁ። አልዋሽም፣ የእሁድ ኃጢአቴ ናት።
«የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴሌታ ሞቷል። አዝዣለሁ።»
«ፊልትሮ ቀይሬያለሁ። ውኃ ነበረው።»
«አምስት ሊትር ላምባ ቀላቅያለሁ። አትጨምር።»
«ጨመርኩ።»
«ራዲያተሩ ፊት የነበረውን ካርቶን ማን አነሳው?»
«ነፋስ።»
«ሞተሪኖው ያቃስታል።»
ከዚህ ሥር «አንተም» ተብሎ ተጽፏል። ተሰርዟል። ይነበባል።

አንዴ ብቻ፣ በየካቲት፣ ከዘይቱ ልክ በታች፣
«እማዬ ታማለች» የምትል መስመር ነበረች፤
ከሷ ሥር፣ በሌላ እጅ፦ «ታንከሩን ሞልቼዋለሁ።
ቀኔን ውሰደው፣ ሂድ። እኔ በስኪ እደርሳለሁ።»

ያን እሁድ ሌሊት ግን መብራት ጠፋ።
ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች አርባ ሦስት ላይ ተደፋ፤
ጥዱ እንደ ጥይት ይጮሃል ብርድ ሲሰነጥቀው፤
ሶኬቴ በድን ሆኗል፣ እሱንም የሚያሞቀው
ሰው ያጣ።
ሰኞ፣ ንጋት የሌለው ንጋት ላይ፣ ኦውላ መጣ፣
በብረት ትሪ ፍም ተሸክሞ። ከወዲያም፣ ቀኑ ሳይሆን፣
ፒዬራ ብቅ አለ፣
ባትሪዋን ከካፖርቱ ሥር እንደ ጨቅላ ጠቅልሎ፣ እያባበለ።

ቆሙ። ትንፋሻቸው መሐል ላይ ተጋጠመ።
አንዱ በጀርባው ተኝቶ ፍሙን ከሆዷ ሥር ገፋ፤
አንዱ ኮፈኑን ከፈተ፣ ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ፤
ብሎኑን ሲያጠብቅ ጣቱ ከብረቱ ተጣበቀ፣
ሲነቅለው ቆዳው እዚያው ቀረ። አልጮኸም።

ሰዓት አለፈ። ፍሙ አመድ ለበሰ።
ዘይቱ ከማርነት ወደ ዘይትነት ተመለሰ።
ከመኪናዋ ሥር ድምፅ መጣ፣ ሻካራ፣ የሰለለ፣
በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል ያላለ፦

«ሞክር።»

ፒዬራ ቁልፉን አዞረ። ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ ጠበቀ፤
ደግሞ አጋለ፣ ደግሞ ጠበቀ።
ሞተሪኖው አቃሰተ። አንዴ። ሁለቴ። ዝም።
«ደግመህ።»
ነጭ ጭስ ተፋች፤ በሦስት እግሯ እያነከሰች፣
እንደ ባለ ወባ እየተንቀጠቀጠች፤
አራተኛው ሲሊንደር ዘግይቶ ገባ። ተነሳች።

ተቃቀፉ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር።
አልተቃቀፉም። ሰኞ የኦውላ ነው፤ ኦውላ መሪውን ያዘ፤
በቆሙበት የተደፈጠጡት ጎማዎች ቋ፣ ቋ እያሉ
እስከ መታጠፊያው እየነጠረ ተጓዘ።
ፒዬራ በእግሩ ሄደ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ።

በሚቀጥለው እሁድ መሳቢያውን ከፈትኩ። በኦውላ እጅ ተጽፎ፣
ስለ ዘይት ያልሆነ፣ ስለ ፊልትሮ ያልሆነ አንድ መስመር አገኘሁ፦
«ጣትህ እንዴት ነው?»
ከሥሩ ባዶ ነው።
እርሳሱ ግን ዱልዱም ሆኖ ነበር፤
ቀርጬ መልሼ አኖርኩት።