የቀዳዳ ዋጋ

የዉች ትራም ነጂ ነኝ፤ መስመሬ ዐሥራ አንድ፣
ከጡብ ፋብሪካው ጥግ እስከ ጫካው መንገድ።
ጎረቤቴ ገኖቬፋ፣ ከእኔ በታች ያለች፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሱፍ ስትጠግን ኖረች፤
ከማሽን የወጣ ጨርቅ ክሩ ሲስት ቆስሎ፣
በመርፌ ታድነው ነበር፣ ማንም ሳያይ ቶሎ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ማሽኑ በኪሎ ሄደ፤
ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደየፊናው ነጎደ።
እሷ ግን ምን ይዛ ወጣች? አንድ የመርፌ ቆርቆሮ፣
እና ዐሥር ጣት ያለው፣ ሱፍ ሱፍ የሚሸት ኑሮ።

አንድ ጥር፣ የትራሙ በር የካፖርቴን ክርን ነከሰ፤
ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ፣ ገበሩ ድረስ ደረሰ።
«ወዲህ በል» አለች፤ ወሰደች፤ በሦስተኛው ቀን ሰጠችኝ፤
«በል ፈልግ» ብላ ሣቋን ይዛ ጠበቀችኝ።
በመስኮት አየሁ፤ መብራት ሥር ገለበጥሁት፤
የተነከሰውን ቦታ እኔው ባለቤቱ አጣሁት።
«ስንት ነው?» ብል፣ «ጎረቤት!» ብላ እጇን አራገበች፤
በማግስቱ የፕሪም ማርማላታ ሰጠኋት፤ ተቀበለች።

ወሬው ደረጃ ወጣ፣ ወረደ።
የቄሱ ጥቁር ቀሚስ መጣ፣ ብል ወንፊት ያደረገው፤
የሟች ባል ኮት መጣ፣ ልጁ ለፈተና የሚለብሰው።
ክፍያው ግን ያው ማርማላታ፣ አንዴ እንቁላል፣ አንዴ ጎመን፤
ጓዳው እንዲህ ጠግቦ ሳለ ቦርሳዋ ሲራብ ማን ይመን?
ሙያ በልብ ነው ቢባልም፣ ልብ ኪራይ አይከፍልም፤
የጋዝ ኩባንያም ቢለምኑት ማርማላታ አይቀበልም።

በሯ ላይ ካርቶን ሰቀለች፦ «ስውር ጥገና። ስልሳ ዝሎቲ።»
መርፌ ይዞ የማይርድ እጇ፣ ያን ሲጽፍ ተንቀጠቀጠ።

ጠበቃ ሬምቢሼቭስኪ ግራጫ ሱፉን አመጣ፣
ደረቱን ሲጋራ በልቶት፣ ለልጁ ሠርግ ሊወጣ።
ሁለት ሌሊት አጎነበሰች፤ ከጫፉ ክር መዝዛ፣
ድርና ማጉን አስታርቃ፣ ሰጠችው በእጇ ይዛ።
አየው፤ በጥፍሩ ፋቀው፤ ወደ መስኮቱ ዞረ፤
«የቱ ነው፣ ወይዘሮ፣ ሥራው?» አለ፤ ቅንድቡን ቋጠረ።
«ምንም በሌለበት ቦታ ስልሳ ዝሎቲ ምን ይሉታል?»
ሃያ ጥሎ ወጣ። ጠበቃ ነው፤ ማስረጃ አልባን ይረታል።

ያን ማታ ስወርድ አገኘኋት፣ መብራት ሳታበራ፤
«በተሳካ ቁጥር ይጠፋል» አለች፣ «የኔ ሥራ።
ባበላሸው ይታይ ነበር።»
እኔ ምን ልበል? ትራም ነጂ ነኝ።
አንድ ማርማላታ ከፍተን በማንኪያ በላን።

በነጋታው ወረቀት ገዛች፣ ስስ፣ መስታወት የሚመስል፣
እርሳሷ ከመርፌው ቀድሞ የቀዳዳውን ዳር ሊስል።
ስፋቱን፣ የክሩን ቁጥር፣ ቀኑን ከሥሩ ትጽፋለች፤
ደንበኛው ካልፈረመ መርፌዋን ትሸሽጋለች።
ዋጋው በሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ዳማ ለሆነ ጨርቅ እጥፍ፤
ለቸኮለ ጭማሪ አለው፤ ማርማላታ ግን፣ ይለፍ።
ልብሱ ሲመለስ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ታስተኛለች፤
«ይህ ነበር ቀዳዳዎ» ብላ፣ ከዚያ ዝም ትላለች።
ዝምታው ነው ቦርሳ የሚከፍተው።

ጠበቃው በፀደይ ተመለሰ፣ ሌላ ኮት በክንዱ ጥሎ።
ለካች፣ ሳለች፣ አስፈረመች፤ ከሒሳቡ ግርጌ፣ በትንሹ፣
«የቀድሞ ቀዳዳ፦ አርባ» ብላ ጻፈች።
አነበበው። ሳለ። ከፈለ።

አሁን በፖስታ ይመጣል፣ ከዋርሶ ቲያትር፣ ከሙዚየም፤
የግብር ደብተር አወጣች፣ በስሟ፣ በሌላ ሰው አይደለም።
ግድግዳዋ ላይ ዛሬ የሌሉ ቀዳዳዎች ተሰቅለዋል፤
መርከብ እንዳልነካቸው ደሴቶች፣ ከዳር እዳር ተደርድረዋል።
የኔ ብቻ የለም እዚያ። ያኔ አልተሳለም፣ አልተለካም።

ባለፈው እሑድ ስልሳ ዝሎቲ ቆጥሬ በሯን አንኳኳሁ፤
«ለካፖርቴ ነው፣ ለዚያ ጥር» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።
መርፌዋን ከከንፈሯ አንሥታ፣ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ፤
«በመጀመሪያ ቀዳዳውን አሳየኝ» አለችኝ።