ስልሳ ሰከንድ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመጋዘን ጀርባ፣
ሰርቨሩን ያስነጥሰዋል በርበሬ ሲገባ።
ቅዳሜ ማለዳ፣ ከቡሬ ከጂጋ፣
ሺህ ስልክ፣ አንድ ጥያቄ፦ «በርበሬው በምን ዋጋ?»
የዋህ ነውና እሱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው
ዲስክ ጓዳ ወርዶ መዝገቡን ሲያምሰው፣
ገጹ እስኪከፈት ሽባባው ደላላ
አንዱን ኩንታል ሸጦ ይጀምራል ሌላ።

አርብ ሌሊት ቁጭ ብዬ ቆረስኩለት ቦታ፣
ሁለት ጊጋ ሜሞሪ፣ ለአፍታ ትውስታ።
«አንዴ ያነበብከውን በቃልህ ያዝ» አልኩት፤
ያዘ። እነ ሽባባው እንደ ሰው አመኑት።

እኔ ግን መርሳትን ሳላስተምረው ኖሬ፣
አራት ሰዓት ሲሆን ጨመረ በርበሬ፤
እሱ የጧቱን ዋጋ እያለ በቃሉ፣
ወይዘሮ ይርገዱ ሦስት ኩንታል በርካሽ ጣሉ።
ስልካቸውን ይዘው ቆሙ ከበራፌ፤
«ፈጥኗል፤ ግን አርፍዷል።»
ቃል ጠፋ ከአፌ።

በቃል ያለ ይረሳል ሲሉ እሰማ ነበር፤
ሳይረሳ ሲቀር ነው ለካ የሚያከስር።
ማታውን ጻፍኩለት አንዲት መስመር ቁጥር፦
ስልሳ ሰከንድ እመን፤ ከዚያ ውረድ፣ ቆፍር።
በስልሳ አንደኛዋ የመጡ ይቆዩ፣
ይርገዱም ቢሆኑ፣
እውነቱን እስኪያዩ።