ስፌቱ ከጆሮው ኋላ

እሑድ ዕለት ማታ፣ በባና ጠቅልሎ፣
ሸዋፈራሁ መጣ ከሞላሌ ድረስ፣ «ካወቅሽው እይው» ብሎ።
ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ሲያነሡ ነው፣ ካሮጌው ጉብታ፤
መጀመሪያ ዶቃ፣ ተልባ የሚያካክል፣ ሰማያዊና ቢጫ፣
ፍስስ አለ ባንዳፍታ፤
ከዶቃው ሥር ደግሞ አፈር የጎረሰ
የብርጭቆ ራስ፣ ጫፉ እንኳ ሳይሰበር ዘመን የጨረሰ።

ቁመቱ ስንዝር ነው። ቀለሙ የኩሬ።
ጸጉሩ ጥቅልል ብሏል፣ ከግንባሩ በላይ፣ እንደ ወይን ፍሬ።
ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ከንፈሩ የገጠመ፤
አንገቱ ግን ከታች መሆኑ ቀረና ካናቱ ላይ ቆመ።
«ብልቃጥ ነው» አልኋቸው፣ «ሽቶ ይቀዱበታል፤
እኛ አሳብ ባለን ዘንድ፣ እሱ ዘይት ይዞበታል።»

ጎረቤትም ሰማ፤ ቤቱ ሞላ ወዲያው።
መሪጌታ ልሳነወርቅ መነጽር ወልውለው፣ አዟዙረው አይተው፣
«ጻድቅ መሳይ ነበር፣ ጢም ቢኖረው» አሉና
ተዉት፣ እንደ መሳቅ ብለው።
ልጄ ደግሞ ጮኸ፤ «የሒሳብ መምህራችን! ቁርጥ እሱን፣ ቁርጥ!»
እትዬ ወሰንየለሽ በጣቷ ጫፍ ብቻ፣ ጥፍሯ እንዳይቧጥጥ፣
ቅንድቡን ዳበሰች። እኛም አልጠየቅን፣
ልጇ በበረሃው ወጥቶ እንደቀረ ሁላችን እያወቅን።

ኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ ሸዋፈራሁ ቀርቦ፣ ድምፁን አሳንሶ፣
«አባባን አይመስልም?» አለኝ። ብልቃጡን አየና
አየኝ መልሶ።
አባባ ፎቶ የለው። ያቺ የመታወቂያው እንኳ
ጣራው አፍስሶባት፣ ግንባርና አንድ ጆሮ ነው
የተረፈ ከመልኳ።

እኔ ምን ልመልስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጠርሙስ ፋብሪካ፣
መብራት ፊት ቆሜ፣ ስንጥቅ ስለቅም ነው ዐይኔ የተነካ።
በደቂቃ ሁለት መቶ ያልፉኛል፤ ሁሉም አንገት አላቸው፣
ትከሻ አላቸው፣ ሆድ አላቸው፤ ፊት ነው የጎደላቸው።
እና የዚህን ሰውዬ ፊቱን አይደለም ያየሁ፤
ከጆሮው በስተኋላ ቀጥ ብላ የወረደች
ስፌት ናት፤ የሞልዱ ሁለት ግማሽ ገጥሞ የተረፈች።
ይህ ፊት የማንም አይደል፤ ካንድ ሞልድ ስንቱ ወጥቷል፣
አንዱ ገበያ ላይ ተሰብሯል፣ አንዱ ከነመርከቡ ሰጥሟል፤
አንዱ ግን በግመል፣ ኋላም በበቅሎ፣ በስንቱ ኬላ ተቀርጦ፣
መንዝ ደርሶ ተቀበረ፣ ስሙ ከጠፋ ሰው
ራስጌ ተቀምጦ።

ይህን ልነግረው አፌን እንደከፈትሁ፣
ግራ ጉንጩ መሐል አንዲት አረፋ አየሁ።
በእኛ ቤት ቢሆን ውድቅ ነው፤ እጄ ሳያስበው ከመስመሩ ገፍቶ
ስብርባሪው ላይ ይጥለው ነበር፣ ዳግመኛ ሊቀልጥ፣ እቶን ውስጥ ገብቶ።
አውቃለሁ፣ አረፋዋ የእሳቱ ናት፤ የነፊው ትንፋሽ አይደለችም፤
ትንፋሹ ባዶው ነው፤ ሽቶም ገባበት፣ አፈርም ገባበት፣
ቦታው አልተቀየረም።
ማሽን አይደል የነፋው። ሰው ነው፣ ቧንቧ ባፉ ጎርሶ፣
ምናልባት ጥርሱን ያመመው፣ ምናልባት ዕዳ ያለበት፣
ጉንጩን ወጥሮ፣ ላብ ለብሶ።
ጉንጭ የተሠራው በጉንጭ ነው።
መልክ ሺህ ጊዜ ይገለበጣል፤
ያ ትንፋሽ ግን አንዴ ይወጣል።

«አዎ» አልሁት ቀስ ብዬ፤ «ጉንጩ ላይ፣ ትንሽ፣ እዚህ ጋ።»
ባናውን ሸፈነለት፣ እንደ አራስ ልጅ፣
የደብረ ብርሃንን ብርድ ሲሰጋ።

ማክሰኞ ደወለ፣ ከባህል ጽሕፈት ቤት፣ ሊያስረክብ ቆሞ፤
«ደረሰኙ ላይ ጽፈዋል፦ ‹ብልቃጥ፣ አንድ፣ የሰው ራስ፣ እንከን ያለው።› ደግሞ
‹የማን ነው?› የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ምን ብዬ ልሙላላቸው?»
ጠርሙሶቹ ይመጣሉ፣ ይመጣሉ፣ አንድ ዓይነት ናቸው።
ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ የምለው ጠፍቶኝ፣ ሳስብ፣
አንዷ ከነአረፋዋ አለፈችኝ።