እባክዎን ይጠብቁ

ስሜ ራዶስቲና ነው፤ «ራዶስት» በእኛ አፍ ደስታ ማለት ነው።
ካሎያን አለቃዬ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ስሜን ሲለካው
«ለእንግሊዝ ጆሮ ይረዝማል» አለና ከፊቱ ቆረጠው።
ቲና ብቻ ቀረ።
ደስታው ተሰናብቶ ጅራቱ ተቀጠረ።

ሕንፃው ከሶፊያ ዳር ነው፣ ከተራራው ግርጌ፤
መስኮቱ ለቆዩት ነው፣ ግድግዳው ነው ማዕረጌ።
የምናከራየው ማተሚያ ማሽን ነው፣ ባሕር ማዶ ላለ ቢሮ፤
ወረቀት በነከሰ ቁጥር እኔ ጆሮ ላይ ይጮሃል አምርሮ።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል ግድግዳው ላይ፣ በአረንጓዴ ቀለም።
በቀን ሰባ ንጉሥ አነግሣለሁ፤ ሲወርድ ያመሰገነኝ የለም።
አንዱ ንጉሥ ቀለም አልቆበት ያለቅሳል፣
አንዱ ሶኬቱን ሳይሰካ ድርጅቱን ይከሳል፣
አንዱ፣ ከሊድስ፣ የሶፊያን አየር ጠይቆኝ
ሳልመልስለት ያነጥሳል።

የተከለከሉ ቃላት ከስክሪኑ ጎን ተለጥፈዋል።
«አላውቅም» አይባልም። «አይቻልም» አይባልም።
«ይቅርታ» ይባላል፤ «ጥፋታችን ነው» ግን በፍጹም አይባልም።
የተፈቀደው፣ በህልሜ እንኳ ከአፌ የማይጠፋው፣
«እባክዎን ይጠብቁ» ነው።
እሱን ብዬ ድምፄን እዘጋለሁ፤
በተዘጋው ውስጥ ብስኩት እበላለሁ፣
እሳደባለሁ፣ አፍንጫዬን እናፈጣለሁ፣
ከዚያ ፈገግ ብዬ እመለሳለሁ።
ፈገግታ በስልክ ይሰማል ብለው አስተምረውናል።

ለአንድ ጥሪ ስድስት ደቂቃ። ሲያልፍ ስክሪኑ ይቀላል፤
ሲቀላ ካሎያን ካለበት ብድግ ይላል።

ማክሰኞ ዕለት፣ በረዶ ሲጥል፣ በእነሱ ሰዓት ከጠዋቱ አራት፣
«ግሌንዳ ነኝ» አለች፣ «ከግሪምስቢ፣ ከቀብር አስፈጻሚ ቤት።
ሰማንያ መርሐ ግብር ነበር የምናትመው፤
ማሽኑ ሦስተኛው ላይ ነክሶ ያዘው።
ቀብሩ አምስት ሰዓት ላይ ነው።»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ቴክኒሻን በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይላካል።
አፌ እንደለመደው «እባክዎን ይጠብቁ» አልኩ።
«ሟቹስ ይጠብቃል» አለች፣ «ከእንግዲህ ሥራው እሱ ነው።
ልጁ ግን እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማለች።»

የስክሪኑን ሰዓት በመዳፌ ሸፈንኩት።
«እርስዎ» የሚለውንም እዚያው ጣልኩት።
«ከኋላው ክፈቺው። አረንጓዴ እጀታ አለ በግራ፤
ወደ ታች፣ ቀስ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፤ እንዳትታገይው አደራ።»
«ተቀደደብኝ!»
«ያወጣሽውን አንብቢልኝ፣ የቀረውን እንድናውቅ።»
«ዊልፍሬድ ኦክስ...» አለች።
ሌላው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው።

ስምን እንደ ዓሣ እሾህ ከጉሮሮ መንቀል
ለካ ጊዜ ይፈልጋል።
አሥራ አንድ ደቂቃ። አሥራ ዘጠኝ።
የካሎያን ትንፋሽ ማንገቴ ላይ ይሞቃል።
«...ቶቢ!» አለች። «ኦክስቶቢ። ሙሉው ወጣ።»
ከዚያ ማሽኑ አጓራ፣
ከእንቅልፉ እንደነቃ ሽማግሌ ተንጠራራ፣
ሰማሁት፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ፣ ወረቀት ሲተፋ በተራ በተራ።
እሷ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩ።
ከዝርዝሩ ላይ የሌለ ዝምታ ነበር።

«ሃያ ስድስት ደቂቃ» አለ ካሎያን። አልተቆጣም፤ መዘገበው።
ማታ መጠይቁ ተሞልቶ መጣ፤ ከአሥር ሰባት ሰጥታኛለች፣
«ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ማሽኑ ግን አሁንም ያፏጫል» ብላለች።

እናቴ እራት ላይ «ዛሬስ ምን ሠራሽ?» ስትለኝ
«ወረቀት ጎተትኩ» አልኳት። ሾርባው ቀዘቀዘብኝ።
ማን እንደነበር አላውቅም። (እዚህ ይባላል፣ አላውቅም።)
ዓሣ አጥማጅ ይሁን መምህር፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ አልጠየቅሁም።
በዚህ ከተማ ስሙን የያዝኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤
እና መብራት አጥፍቼ፣ ድምፄን ሳልዘጋ፣ እንዲህ አልኩት፦
ዊልፍሬድ ኦክስቶቢ፣
ነገም ሰባ ነገሥታት አሉብኝ፤
እባክዎን
ይጠብቁኝ።