ታዘብኩህ፣ ና

ከባጃጁ ተራ ወረድ ብሎ፣ አዌቱ ጋ ሳይደረስ፣
አንዲት መናፈሻ አለች፣
ገና ስትገባ ያለቀች።
አምስት አግዳሚ ወንበር፣ የአንዱ እግር የተሰበረ፣
ፏፏቴ ሊሆን ታስቦ ገንዳ ሆኖ የቀረ፤
ከጥጉ በሽቦ ታጥሮ፣ «የውሻ ስፍራ» የሚል ጽሑፍ፣
ለውሻ የጠበበ፣ ለወሬ ግን የሚተርፍ።

ዘበኛው አባ ፊጣ ጃንጥላውን ተመርኩዞ፣
«ውሻ የያዘ በዚያ!» ይላል፣ የካፖርቱን አንገት ይዞ።
ውዱኡ እንዳይፈርስበት ሁለት እርምጃ ይርቃል፤
የውሃ ጣሳቸውን ማን እንደሚሞላ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጉሙ ጅሬንን ሳይለቅ፣
ውሻዬን ይዤ እመጣለሁ፤ «ውሻዬ» ማለቴ ነው የሚያስቅ።

የሌሎቹ ስም ቀላል ነው።
የዩኒቨርሲቲው መምህር «ሮኪ» ይላል፣ ይመጣል።
የእንጨት ሠሪው ልጅ ኢፍቱ «ቡሬ» ትላለች፣ ይመጣል።
እኔ ገመዱን ፈትቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣
በመናፈሻው መሃል እጮሃለሁ፦
«ታዘብኩህ! ታዘብኩህ!»

ጋዜጣ የሚያነበው ሰውዬ ቀና ይላል፤
አግዳሚው ላይ ያሉት ፍቅረኞች እጃቸው ይላቀቃል፤
ሁሉም ሰው ለአፍታ የየራሱን ያስባል።

ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።
ያወጣው ጎረቤቴ ነው፣ አቶ ሀብተየስ፣ ነፍሱን ይማር፤
ያወጣውም ለእኔ ነበር።
አስራ አንድ ዓመት አፍ ለአፍ አልተነጋገርንም፤
የደጄ በር ሲጥ ሲል ጠብቆ ግን ውሻውን መጥራት አልሰለቸውም፦
«ታዘብኩህ! ና ብላ! ታዘብኩህ፣ ምነው አታፍርም?»

ነገሩ የአንድ ክንድ መሬት ነው፣ ከነአቮካዶዋ።
ቀበሌ ሁለቴ ለካ፣ ሽማግሌ ሦስቴ ተቀመጠ፤
ማስረጃ የለም ተባለ፣ መዝገቡ ተዘጋ።

ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ሸጡ፤
ፍሪጁን፣ አልጋውን፣ የመስኮቱን ፍሬም ሳይቀር ጫኑ፤
ውሻውን የጫነው የለም።
ሦስት ሌሊት በባዶው ደጅ ላይ አለቀሰ፤
በአራተኛው በአጥሩ ሥር ሾልኮ እኔ ደጃፍ ደረሰ።
ሌላ ስም ሞከርኩለት። አንበሳ አልኩት፣ ጃክ አልኩት፣ መኩሪያ አልኩት፤
በስብሰባ ላይ እንዳንቀላፋ ሹም
ጆሮውን እንኳ አላነሳልኝም።

«ማንን ነው የታዘቡት፣ አባባ?» አለችኝ ኢፍቱ ዛሬ።
ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ቃላቷ ያፏጫሉ።
«ስም ብቻ ነው» አልኳት።
«ስም ብቻ የለም» አለች፤
«ቡሬ፣ ቡሬ ስለሆነ ነው ቡሬ የተባለው።»

ምን ልበላት?
ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በሐምሌ ሌሊት፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፄን ሲሸፍንልኝ፣
የአጥሩን ካስማ አንድ በአንድ ነቅዬ
አንድ ክንድ ያራመድኩት እኔ ነኝ ልበላት?
ያየኝ አንድ ቡችላ ብቻ ነበር።
የዚያን ጊዜ ገና ስም አልወጣለትም።

አሁን ከሽቦው ጥግ ቆሞ እግሩን አንስቷል፤
ካስማውን እያጠጣ ድንበሩን ያሰምራል።
ሮኪ ይመጣል፣ ያሸታል፣ ደርቦበት ይሄዳል፤
ቡሬ ደግሞ በተራው።
ከሳሽ የለ፣ ተከሳሽ የለ፤ ነገ ዝናብ ያጥበዋል።

ነገ አላለም፣ አሁኑኑ መጣ፤
የጅማ ዝናብ መቼ አስፈቅዶ ያውቃል!
አባ ፊጣ ጃንጥላውን ዘርግቶ «እዘጋለሁ!» አለ።
ኢፍቱ ቡሬን አቅፋ ሮጠች።
እኔ ገመዱን ይዤ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ጎንበስ አልኩ፤
ዛሬ አልጮህኩም፤
ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ
«ታዘብኩህ» አልኩት፣ «ና።»

መጣ። አርጅቷል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።
እግሬ ሥር ቆሞ ተራገፈ፤
ጭቃው ሁሉ ሱሪዬ ላይ።