ዘጠነኛው ወረቀት

በመስከረም፣ «ሆዷን ቁርጠት ይዟታል» አልሁ።
በጥቅምት፣ «እግሯን ወለም ብሏታል» አልሁ።
ኅዳር ላይ ዝናብ ጣለና ጉንፋን አገዘኝ፤
አንድ ቀን እንኳ ከእውነት ጋር አገናኘኝ።
በታኅሣሥ የጥርስ ሐኪም፣
በጥር ሌላ የጥርስ ሐኪም፤
ይቺ ልጅ ስንት ጥርስ አላት ብሎ አለመጠየቁ
የመምህር ጊዮራ ደግነቱ ይሁን አለማወቁ?

ዕብራይስጤ የኡልፓን ነው፤ ከፋብሪካ መልስ፣
እያንቀላፋሁ የለቀምሁት።
ከቀኝ እጀምራለሁ፣ መሃል ላይ ይጠፋኛል፤
ትሂላ አጠገቤ ቆማ፣
«አባ፣ ትኩሳት የሚጻፈው በሌላኛው ‹ኸ› ነው» ትለኛለች፤
የሌለባትን በሽታ ሆሄውን ታርመዋለች።
ከታች እፈርማለሁ፦ ይርጋ ባዘዘው።
ከወረቀቱ ሁሉ ስሜ ብቻ ነው ያልዋሸው።

የላሪሳ ልጅ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ አስም አለበት፤
ማኅተም ያለው ወረቀት ያመጣል።
ሰው በልጅ ጤና ይቀናል እንጂ፣
እኔ በማኅተም ቀናሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ቀርፋፋ ናት።
ስትሮጥ ጥላዋ ይቀድማታል።
ጊዮራ ግን በመጀመሪያው ቀን
ከሠላሳ ሁለት ልጆች መሃል እሷን ለይቶ፣
ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣
«አንቺማ ታሸንፊያለሽ!
እናንተን በቴሌቪዥን አይቻለሁ» አላት። ሳቀም።
በክፋት ቢስቅ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤
ደግ ሳቅ ነው ያስቸገረኝ።

ሮጠች። ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች፤
ከኋላዋ የቀረው የጫማውን ክር ሲያስር የቆየ ልጅ ነው።
«አትስነፊ እንጂ! ደምሽ ውስጥ እኮ አለ!»
ማታ ሳህን እያጠበች፣
«አባ፣ ደሜ ውስጥ ምንድን ነው ያለ?»

ምን ልበላት?
አያቷ ሸማኔ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ
ቀኑን ሙሉ መርገጫውን ይረግጣል፤
ሲመሽ ከተቀመጠበት ክንድ አልራቀም።
በቤታችን የሮጠ ቢኖር መወርወሪያው ነው፤
እሱም ይሄዳል፣ ይመለሳል፣
ማንንም አይቀድምም።

እናቷ ዘርፌ አልወደደችልኝም፦
«እግሯን ላሳርፍ ብለህ
ምላሷን አሠለጠንኸው።»
ዝም አልሁ። ደግሞ እውነቷን ነው።
በየካቲት፣ ከደብተሯ ውስጥ
እኔ ያልጻፍሁት ወረቀት ወደቀ።
ራስ ምታት። ከበታቹ ፊርማዬ፣
ከእኔው ፊርማ ይልቅ ያማረ።

ያን ሌሊት ዘጠነኛውን በአማርኛ ጻፍሁት፦
«መምህር ሆይ፣ ልጄ ደህና ናት።
ስምንቱም ወረቀት የእኔ ሐሰት ነው።
ቀርፋፋ ናት፤ መድኃኒት አልፈለግሁለትም።
ትሩጥ። ግን እንደ ትሂላ ትሩጥ፣
እንደ ቴሌቪዥንህ አይደለም።
መጨረሻ ከወጣች፣ መጨረሻ ወጣች በል፤
ደሟን ተውልን።»

«ተርጉሚው» አልኋት። ወገቧን ይዛ አነበበችው።
«ስምንቱም» ከሚለው ላይ ቆየች፤
የደብተሩን አልቆጠርሁባትም።
ቀርፋፋ የሚለው ላይ ብዕሯ ቆመ፦
«አባ፣ ለዚህ ሁለት ቃል አለ፤ አንዱ ስድብ ነው።»
«ሌላውን ጻፊ።»
ጻፈች። ቀጥላ፣ ሳትጠይቀኝ፣
«ደሟን» የሚለውን ሰረዘች፤
«እሱን እኔ እነግረዋለሁ» አለች።

ማክሰኞ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ
በቂርያት ጋት ትምህርት ቤት አጥር በኩል አለፍሁ።
ልጆቹ ጨርሰው ቧንቧው ላይ ይጋፋሉ፤
ትሂላ ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ብቅ አለች፣
አፏን ከፍታ፣ ክንዷን እንደ ገበያተኛ እያወዛወዘች።
ጊዮራ ፊሽካውን በመዳፉ ይዟል።
አልነፋም።
ምን እንዳለችው አላውቅም።

አውቶቡሴ መጣ፣ በሩን ከፈተ።
በእጄ እለፍ አልሁት።
ገና አንድ ዙር ይቀራታል።