ቀላል መንገድ

መኪና ማቆሚያው ዳር፣ ከቆሻሻው በርሜል አጠገብ፣
ዝናብ ያጠበው ሰሌዳ ቆሟል፣ ላለፈ ላገደመው እንዲነበብ፦
«ቀላል መንገድ። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል።
ለሕፃን ጋሪ ይመቻል።
ውሻ በማሰሪያ።»
ከሥሩ አንድ ልጅ በምስማር ጭሯል፦
«ኢሞጅን እዚህ ወድቃለች።» ቀን የለውም።

ኔቪል ፓስኮ ሰሌዳውን ያነባል፣ እንደ ውል፣ እንደ መድኃኒት ማዘዣ፤
ዳሌው ውስጥ የሦስት ወር ብረት አለ፣ በእጁ ከዘራ መመርኮዣ።
«በቀን ሁለት ሺሕ እርምጃ» ብላዋለች ዶክተሯ፣ «ቀላል ነው።»
ቀላል ማለት የሚቀለው
ተቀምጦ ለሚለው ነው።

ሐምሌ ነው፣ በሜልቦርን ሰሜን፤ ውሃው ደፍርሶ የሻይ መልክ ይዟል፤
ከሸምበቆው መሃል የተጣለ የገበያ ጋሪ
ባንድ ጎማው ሰማይ ሰማይ ያያል።
ጎርፉ እስከ የት ደርሶ እንደነበር
ቅርንጫፍ ላይ የቀረ ፌስታል ይመሰክራል።
ባሕር ዛፍ በእኛ አፍ እንግዳ ነው፣ የመጣ ከባሕር ማዶ፤
እዚህ ግን የቤቱ ጌታ፣ በገዛ አፈሩ ተወልዶ፣
ቅርፊቱን እንደ አሮጌ ካፖርት ጥሎ ቆሟል፣ ብርዱን ለምዶ።

አንድ መቶ አርባ። አንድ መቶ አርባ አንድ።
ውሻ አለፈ፤ ከኋላው ባለቤቱ፣ ገመዱ እሷን እየጎተታት፤
«ሰላም ኔቭ» አለች፤ መልሱ ሳይደርሳት
መታጠፊያው ዋጣት።
እስታማቲያና እህቷ፣ ቢላዋ በእጃቸው፣ ከመንገዱ ዳር ቅጠል ይለቅማሉ፤
ውሻ ያልሸናበትን ለመለየት ረጅም ሰዓት ይከራከራሉ።
ግማሹ የግማሹን ስም አያውቅም፤
ቢሆንም የወንዝ ልጆች ናቸው፣
ይቺ ቀጭን ውሃ ናት ወንዛቸው።

ኔቪል ግን የእሷንም ስም ያውቃል።
በመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ «ቦይ ቁጥር አራት» ነበረች።
ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ቢጫ ቆብ፣ እርሳስ ከጆሮው ኋላ፤
በክረምት የሰው ጓሮ ትገባለች፣ በበጋ ትሸታለች ተብላ ተከሰሰች፤
እሱ ፈረደባት፦ ክርኗን አቃና፣ ጠመዝማዛዋን ቆረጠ፣
ሲሚንቶ አለበሳት፣ በስድስት ወር፣
ከበጀቱም ተረፈ፣
አለቃው እጁን ጨበጠ።
ወንዝ የማያሻግር ሥራ አልነበረም፤
ወንዙን ራሱን ነበር ያሻገረው፣
ከወንዝነት ወደ ቧንቧ።

አምና ማዘጋጃ ቤቱ ያንን ሲሚንቶ አስፈለጠ።
በስባሪው መካከል ሸምበቆ ተተከለ።
ውሃዋም ማንም ሳይነግራት፣ አርባ ሰባት ዓመት ቆይታ፣
ወደ ጥንቱ ክርኗ አዘነበለች።

በስድስት መቶ አሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።
አንዲት ልጅ ስኩተሯን በእግሯ እየገፋች መጣች፣
ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሁለት ጥርስ የጎደላት።
«ያንን ማን ሰበረው?»
«ማዘጋጃ ቤቱ።»
«ማንስ ሠርቶት ነበር?»
ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ።
«እኔ።»
ከጫማው እስከ ባርኔጣው አየችው፤ አልከሰሰችው፣ አላደነቀችው።
«ከባድ ነበር?»
«አይ» አለ። ዝም አለ። ውሃዋን አየ።
«ቀላል ነበር።»

«ታኦ!» አለች እናቷ ከድልድዩ ላይ፤ ልጅቱ በረረች።

ከዚያ አንድ ነገር ሲጢጥ አለ፣
ቅባት እንዳጣ ማጠፊያ። ደግሞ ሲጢጥ።
መጀመሪያ ዳሌው መስሎት ደነገጠ፣ ጎኑን ዳበሰ።
ጓጉንቸር ነበረች፣ ከስባሪው ሥር፣
እሱ ካፈሰሰው ሲሚንቶ ጓዳ ሠርታ።

ተነሣ። ስንት ላይ እንደነበር ጠፋበት።
መንገዱ እዚያ ጋ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ቀጥ ያለው፣ የድሮው፣
አንዱ ከውሃዋ ጋር የሚዞረው፣ ገና ጭቃ።
ከዘራውን ጭቃው ውስጥ ተከለ፣
ነቀለ፣
ተከለ።